ለሆት ሮድ የትኛው ካምቢዮ ይሻላል? የ1939ኙ ፎርድ፣ ቲ-5፣ መንሲ እና ትሬሜክ ቲኬኤክስ

ሆት ሮድ፣ ማለትም ለፍጥነት የተሻሻለ አሮጌ መኪና፣ ለመሥራት በ1930ዎቹ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ፎርድ ላይ ሌላ ካምቢዮ ለመግጠም የሚያስብ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ብዙውን ጊዜ «ምን ያህል ጉልበት ይችላል?» ብሎ ነው። እኔ ግን ምርጫው ከመኪናው ጀርባ ይጀመር እላለሁ። የዲፈረንሻሉ ምጣኔ ስንት ነው? የኋላ ጎማው ቁመትስ? ካርዳኑ በቱቦ ውስጥ የታሸገ ነው ወይስ ክፍት? እነዚህ ሳይታወቁ አንዱን ካምቢዮ ከሌላው ማበላለጥ አይቻልም።

በዚያ ዘመን ባለ ቪ8 ፎርዶች ላይ የተለመደውን 3.78 ዲፈረንሻል (ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር ካርዳኑ 3.78 ጊዜ ይዞራል) እና 71 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ጎማ እንውሰድ። በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ የመጨረሻ ማርሹ 1.00 የሆነ ካምቢዮ ሞተሩን በደቂቃ 2,800 ዙር ገደማ ያስኬደዋል። አምስተኛ ማርሽ ኖሮት ምጣኔው 0.72 ከሆነ ግን ዙሩ ወደ 2,030 ይወርዳል። የተቃጠለው ጋዝ በብሎኩ ውስጥ አልፎ ለሚወጣበት የፍላትሄድ ሞተር (የዚያ ዘመን ፎርድ ቪ8) ሙቀት ዋነኛ ጠላቱ ስለሆነ፣ በረጅም መንገድ ላይ ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የ1939ኙ ፎርድ ባለ ሦስት ማርሽ

ሞተሩ ፍላትሄድ ከሆነ፣ ጉልበቱም ከፋብሪካ ሲወጣ ከነበረው ብዙም ካልራቀ፣ ይህን ካምቢዮ አትናቁት። የማርሽ ዘንጉ ከወለል ላይ የሚነሣ ነው፤ በቀጣዩ ዓመት ፎርድ በቤት መኪኖቹ ላይ ዘንጉን ወደ መሪው አምድ ወስዶታል። ሲንክሮናይዘር (ማርሽ ሲገባ የጥርሶቹን ፍጥነት የሚያመሳስል ክፍል) ያላቸው ሁለተኛና ሦስተኛ ማርሾች ብቻ ስለሆኑ አንደኛ ለማስገባት መኪናው መቆም አለበት። ሊንከን ዜፊር ከተባለው መኪና የሚወጡ ጥርሶች ወደ ውስጡ ይገባሉ፤ በማርሾቹ መካከል ያለውን የምጣኔ ልዩነት ስለሚያጠቡ የቀድሞዎቹ ሆት ሮድ ሠሪዎች አጥብቀው ይፈልጓቸው ነበር።

ትልቁ ጥቅሙ የታሸገውን ካርዳን እንዳለ መተዉ ነው። ቱቦው ዘንጉን ከመሸፈን አልፎ ጎማዎቹ መኪናውን ወደፊት የሚገፉበትን ኃይል ወደ ፊት ያስተላልፋል። ሌሎቹን ሦስት ካምቢዮዎች የሚመርጥ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ካርዳኑን ክፍት ማድረግ ይኖርበታል፤ ያን ጊዜ ደግሞ አክስሉ ወደፊትና ወደኋላ እንዳይሄድ፣ ፍሬን ሲያዝም እንዳይጠማዘዝ የሚይዙት አዳዲስ ክንዶች ያስፈልጉታል። ብዙ ገዢ የካምቢዮውን ዋጋ ብቻ ይዞ ይነሣና ሥራው የሚጠብቀው እዚያ ሆኖ ያገኘዋል። ቱቦውን ሳይነኩ ዙር መቀነስ ለሚፈልጉ «ኮሎምቢያ» የተባለው ባለ ሁለት ፍጥነት የኋላ አክስል ዛሬም ተፈላጊ ነው።

ቦርግ-ዋርነር ቲ-5

ለአብዛኛው ሆት ሮድ የምመርጠው ይህን ነው። ክብደቱ 34 ኪሎ ግራም ገደማ ነው፤ ጠባብ ስለሆነ ሻንሲውን ብዙ መቁረጥ አይጠይቅም፤ ወደፊት የሚያስኬዱት አምስቱም ማርሾች ሲንክሮናይዘር አላቸው። ነገር ግን በቲ-5 ስም የሚሸጠው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ገዢ መጠንቀቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው።

በሸቭሮሌ ኤስ-10 ፒክአፕ ላይ የነበረው የማርሽ ዘንጉ ወደፊት ቀረብ ያለ ስለሆነ ለአሮጌ ፎርድ ወንበር ይመቻል። ነገር ግን ከነዚህ አንዳንዶቹ 4.03 የሆነ አንደኛ ማርሽ አላቸው። ይህ በ3.78 ሲባዛ 15.2 ይሆናል፤ ለቀላል መኪና ከመጠን በላይ ነው፤ ገና ከመነሣትዎ ሁለተኛ ለማስገባት ይገደዳሉ። የፎርድ ሙስታንግ ባለ ቪ8ቱ 3.35 ሲሆን ውጤቱ 12.7 ነው። 2.95 የሆነው ዜድ-ስፔክ የሚባለው 11.2 ይሰጣል፤ ለ3.78 ዲፈረንሻል ከሦስቱ የሚስማማው እሱ ነው። ከካማሮ የወጣው ደግሞ በቀድሞ ቦታው ወደ ጎን ያዘነበለ ስለነበር፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም ምን እንደሚያስፈልገው ሳይጠይቁ አይግዙት።

«ወርልድ ክላስ» የተባለው የተሻሻለው ዓይነት ነው፤ ሲንክሮናይዘሮቹ የተለበጡ ናቸው፤ ጥርሶቹም በመርፌ ኩሽኔታ ላይ ይዞራሉ። የቀድሞው ዓይነት የማርሽ ዘይት ሲፈልግ ይህኛው የሚፈልገው የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይት ነው። ዘይቱን አለዋውጦ መሙላት ጥሩ ካምቢዮ ያበላሻል፤ ስለዚህ ዓይነቱን ሳያረጋግጡ አንዲት ጠብታ አይጨምሩ። በጀርባው ቤት ብሎን ላይ የሚታሰረው ትንሽ የብረት መለያ በ1352 የሚጀምር ቁጥር አለው፤ ምጣኔውንና ዓይነቱን የሚነግረው እሱ ነው። መለያው ከጠፋ ከፍቶ ጥርስ መቁጠር ይሻላል።

ጉልበትን በተመለከተ የሙስታንጎቹ ወርልድ ክላስ ወደ 400 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ)፣ ዜድ-ስፔኩ ወደ 450 ይገመታል። ከፋብሪካ የወጣ ፍላትሄድ 300 እንኳ ስለማይደርስ ለእሱ ከበቂ በላይ ነው።

መንሲ ባለ አራት ማርሽ

ከ1963 እስከ 1974 በጄኔራል ሞተርስ መኪኖች ላይ የገባው መንሲ ጠንካራ ነው፤ ማርሽ ሲገባበትም ስሜቱ ደስ ይላል። ያም ሆኖ አራተኛው 1.00 ነው፤ ስለዚህ ከ3.78 ጋር ሲያያዝ የረጅም መንገዱን ችግር አይፈታም። ዲፈረንሻሉ 3.08 ከሆነ ግን በ100 ኪሎ ሜትር 2,300 ዙር ገደማ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ከመንሲ ዓይነቶች ኤም21 የተባለውን ሳይሆን አንደኛ ማርሹ 2.52 የሆነውን ኤም20 ይምረጡ። የኤም21 አንደኛ 2.20 ስለሆነ ከ3.08 ጋር በመነሻ ላይ ፍሪሲዮን ይበላል። ማርሽ ማስገቢያ ክንዶቹ በግራ ጎኑ በውጭ በኩል ስለሚወጡ ከጭስ ቧንቧውና ከሻንሲው መስቀለኛ ብረት ጋር የሚጋጩ መሆኑን አስቀድመው ይለኩ።

ትሬሜክ ቲኬኤክስ

ሞተሩ ከ450 ኒውተን ሜትር በላይ የሚያወጣ ከሆነ ሌላ አይፈልጉ። 800 ኒውተን ሜትር ገደማ ይችላል፤ የማርሽ ዘንጉ በሦስት ቦታዎች ሊቀመጥ ይችላል፤ አንደኛው 3.27 ወይም 2.87 ሆኖ ይገኛል። ለ3.78 ዲፈረንሻል 2.87ቱን ይዘዙ። 45 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከቲ-5ም ወፍራም ነው፤ በትንሽ አሮጌ አካል ውስጥ ወለሉን መክፈት ሊጠይቅ ይችላል። ለተራ ፍላትሄድ ግን ገንዘቡን በአክስሉ ክንዶችና በፍሬኑ ላይ ማዋል ይበልጣል።

የትኛውንም ቢመርጡ፣ ሞተሩንና ካምቢዮውን የሚያገናኘው የፍሪሲዮን ቤት መሃሉን መጠበቁን በዳያል ጌጅ (ጥቃቅን መዛነፍን በሚያሳይ ባለ መርፌ መለኪያ) ይለኩ። ከሞተሩ መሃል ያለው መዛነፍ ከ0.13 ሚሊ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ካለፈ የፍሪሲዮን ቤቱን በሞተሩ ላይ በቦታው የሚይዙ፣ ማዕከላቸው የተዛነፈ ፒኖች ገዝተው ያስተካክሉ። አዲስ ካምቢዮ ከአራተኛ ማርሽ በራሱ ሲወጣ ወይም የፊት ኩሽኔታው ቶሎ ሲያልቅ ሻጩ ከመወቀሱ በፊት መጀመሪያ መታየት ያለበት ይህ ልኬት ነው።