ሀዋሳ ውስጥ ልጇ አልጠባ ብሎ ለጨነቃት እናት

ትናንት ልጄ 4 ኪሎ ሞላ። ስለዚህ ዝም ማለት አቃተኝ።

ሲወለድ 3 ኪሎ ከ100 ነበር። በ12 ቀኑ 2 ኪሎ ከ700 ገባ። ጡት ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆያል፣ በላብ ይጠመቃል፣ ደክሞት ይተኛል፤ ሲነቃ ደግሞ ምንም እንዳልቀመሰ ያለቅሳል። ወተቱ በአፍንጫው ይወጣል። የወሰድነው አንድ የግል ክሊኒክ ጉንፋን ነው ብሎ የአፍንጫ ጠብታ ሰጥቶ ሸኘን። አማቴ (እድሜ ይስጣትና ያለ እሷ አልቆምም ነበር) ቅቤ እናስውጠው አለች። ጠያቂው ሁሉ ‹‹ወተትሽ ቀጥኖ ነው›› ይለኛል። አጥሚት በአጥሚት ሆንኩ።

ክትባት ልናስጀምር እዚሁ አንድ ጤና ጣቢያ ስንሄድ ሲስተሯ መርፌውን አስቀምጣ ‹‹እስቲ አጥቢውና ልየው›› አለችኝ። ኮሪደሩ በሰው ሞልቷል፣ እሷ ወንበር ስባ ቁጭ! ምንም ሳትናገር አየችን። ከዚያ የስልኳን መብራት አብርታ አፉን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። ላንቃው ከኋላ በኩል ተሰንጥቋል። ከንፈሩ ደህና ስለሆነ ማንም ልብ አላለውም። ‹‹ወተትሽ ምንም አልሆነም። አንቺ በተቀደደ ስትሮ ሚሪንዳ መሳብ ትችያለሽ?›› አለችኝ። እዚያው አለቀስኩ፣ ግማሹ ግን እፎይታ ነበር።

አገጩንም በጣቷ ለካች። እሱ ደህና ነው አለች፤ አገጩ በጣም ትንሽ የሆነ ልጅ ምላሱ ወደኋላ እየሄደ ትንፋሹን ሊዘጋበት ስለሚችል ቶሎ ሆስፒታል መሄድ አለበት።

ከዚያ የራሳቸውን የቡና ሲኒ በፈላ ውሃ አጥባ አመጣች። ወተቴን በእጄ አለብኩ። ልጁን ቀና አድርጌ ያዝኩት፣ የሲኒውን ጠርዝ የታችኛው ከንፈሩ ላይ አሳረፍኩ። ‹‹አታፍስሺበት፣ እሱ ራሱ ይላሰው›› አለችኝ። መጀመሪያ ግማሹ ጋዋኗ ላይ ፈሰሰ። በየመሃሉ ማስገሳት፣ ከ30 ደቂቃ አለማለፍ፣ ምክንያቱም ያገኛትን እዚያው በድካም ይጨርሳታል። እኔ ደግሞ ብዙ በቆየ ቁጥር ይጠግባል ብዬ ነበር!

በየሳምንቱ እየመዘነችው ሁለት ወር አለፈ። አዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል ሪፈር ጻፈችልን፣ ላንቃው የሚሰፋው ዓመት ሲሞላው አካባቢ ነው። ትንሽ ብር ላስጨብጣት ብል ‹‹ዳይፐር ግዢበት›› ብላ መለሰችልኝ።

ልጃችሁ ጠብቶ የማይጠግብ፣ ወተቱም በአፍንጫው የሚመለስ ከሆነ በውስጥ ጻፉልኝ፣ የት እንደሆነች እነግራችኋለሁ። በጠዋት ሂዱ፣ ረፈድ ካለ ወረፋው አይጣል ነው። ሲኒም ይዛችሁ ሂዱ፣ የእነሱን እኔ ሰብሬዋለሁ።