ለፍሪሬግ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና፦ የእንግሊዝ የቤተሰብ ስም ለምታጠኑ

የአንድ እንግሊዛዊ ቤተሰብ ስም ከየት እንደተነሣና ማን ይዞት ባሕር እንደተሻገረ ለምትፈልጉ ሁሉ ፍሪሬግ (FreeREG) የተባለውን ድረ ገጽ እንጠቁማችኋለን። የአጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን የክርስትና፣ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ያለ ክፍያ እየገለበጡ በነጻ እንዲፈለግ ያደረጉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እጃቸው ይባረክ! የ16ኛውን መቶ ዘመን የእጅ ጽሕፈት አንድ ገጽ ያየ ሰው ድካማቸውን ያውቀዋል።

ሊንከን የሚለውን ስም እንውሰድ። መነሻው በእንግሊዝ ያለችው የሊንከን ከተማ ስም ነው፤ ከዚያ ወጥቶ ሌላ ቦታ የሰፈረ ሁሉ በከተማው ሊጠራ ስለሚችል፣ ስሙን የያዘ ሁሉ ዘመድ አይደለም። በአባት ስም ለምንጠራው ለእኛ ይህ ግራ ያጋባል። በ17ኛው መቶ ዘመን በማሳቹሴትሷ ሂንግሃም ብቻ አራት ቶማስ ሊንከኖች ነበሩ፤ ሸማኔው፣ በርሜል ሠሪው፣ ባለወፍጮው፣ ገበሬው እየተባሉ ይለዩ ነበር። የሸማኔው ወንድም ሳሙኤል የፕሬዝዳንት አብርሃም ሊንከን የዘር ሐረግ የሚቆጠርበት ሰው ነው።

ሳሙኤል በእንግሊዝ፣ በኖርፎክ አውራጃ ባለችው ሌላዋ ሂንግሃም ክርስትና የተነሣው ኦገስት 24 ቀን 1622 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። በኤፕሪል 1637 የተመዘገበው ወደ አሜሪካ የተሻገሩ ተጓዦች ዝርዝር ግን የአንድ ኖሪች ሸማኔ አገልጋይ፣ ስሙ «ሊንኮርን»፣ ዕድሜው 18 ይለዋል። በክርስትናው ከተሰላ 14 ብቻ ነው። ወይ ዕድሜው ተጨምሯል፣ ወይ ክርስትናው ዘግይቷል፤ ስለዚህ በዝርዝር ላይ ያለ ዕድሜ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ፍለጋው ላይ ስሙን ብቻ አትጻፉ፤ አውራጃውን ምረጡ፣ በድምፅ የሚቀራረቡ ስሞችን የሚያመጣውን «ሳውንዴክስ» ምልክት አድርጉ። እኛ «ፀሐይ»ን በስንት ዓይነት እንደምንጽፍ አስቡት፤ ያኔ እነሱም እንደዚያ ነበሩ። ዓመቱን በሁለቱም በኩል አስፉት። እስከ 1752 ድረስ የእንግሊዝ ዓመት የሚጀምረው ማርች 25 ስለነበር፣ «ፌብሩዋሪ 1634» ተብሎ የተጻፈው በአሁኑ አቆጣጠር 1635 ነው። አዲስ ዓመቱን በመስከረም ለሚያከብር ሰው ይሄ አይከብድም።

ትልቁ ስሕተት ሌላ ነው፦ ስሙና ዓመቱ የገጠመ ሕፃን ተገኘ ብሎ ማቆም። በዚያው አጥቢያ የቀብር መዝገብ ውስጥ ፈልጉት፤ በልጅነቱ ከሞተ አሜሪካ የገባው ሌላ ሰው ነው።

ያጣችሁት ስም አልነበረም ማለት አይደለም። መዝገብ እንዲያዝ የታዘዘው በ1538 ቢሆንም ብዙ ጥንታዊ ገጾች ጠፍተዋል፤ በ1640ዎቹና 1650ዎቹ የእርስ በርስ ጦርነትና ተከታዩ ዘመን አያያዙ ተዛብቷል፤ ሁሉም አጥቢያም ገና አልተገለበጠም። የተገኘውንም ከዋናው ገጽ ጋር አመሳክሩ፤ የኖርፎክ መዛግብት በኖሪች በሚገኘው የኖርፎክ ቤተ መዛግብት ናቸው። የተሻገሩትን ለማጥናት ደግሞ ቦስተን ባለው የኒው ኢንግላንድ የትውልድ ታሪክ ማኅበር በ1988 የተጀመረውን የታላቁ ፍልሰት (እንግሊዛውያን ወደ ኒው ኢንግላንድ የፈለሱበት) ጥናት ተመልከቱ።

የተገለበጠው ከዋናው ገጽ ጋር ካልገጠመ ስሕተቱን ለፍሪሬግ ጠቁሙ፤ ይቀበላሉ። የድሮ ጽሕፈት ማንበብ የምትችሉ ደግሞ ገልባጭ ሆናችሁ ተመዝገቡላቸው።