«አብሽር ጋሼ፣ ኦሪጅናል ነው»፦ የናፍጣ መኪና ካንዴላ ለምታስቀይሩ ማስጠንቀቂያ

ደሴና ኮምቦልቻ አካባቢ አሮጌ የናፍጣ መኪና የምትነዱ ይህን አንብቡልኝ። በተለይ የድሮ ሃይሉክስ፣ ሃይሴ ወይም ላንድክሩዘር ያላችሁ። «አራቱንም የማሞቂያ ካንዴላ ከነመግጠሚያው በግማሽ ዋጋ» የሚል ነገር ከቀረበላችሁ ቆም በሉ። እኔ ኮምቦልቻ ላይ አንድ ጋራዥ ውስጥ አስገጥሜ ዋጋውን ከፍያለሁ። ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ስለሆነ ስሙን አልጠራም። አሠራሩን ካወቃችሁት ሌላ ቦታም ቢሆን ትለዩታላችሁ።

መኪናዬ 3ኤል የሚባለው የቶዮታ የናፍጣ ሞተር ያላት ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ናት። ጠዋት ጠዋት ማስቸገር ጀመረች። ሞተሪኖው (ማስነሻው) በደንብ ያዞራል። ነጭ ጭስ በጭስ ማውጫው ቧ ይላል። ሞተሩ ግን አይነሳም። ተጨቃጭቃ ከተነሳች በኋላም ለጥቂት ደቂቃ ትንገጫገጫለች፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ሰላም ናት። ይህ ሲሆን መጀመሪያ የሚጠረጠረው ካንዴላ ነው። ናፍጣው ገብቷል፣ ግን ስላልተቃጠለ ነጭ ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የናፍጣ ሞተር እንደ ቤንዚኑ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የለውም። አየሩን አጥብቆ ይጨምቀዋል፣ የተጨመቀው አየር ይግላል፣ ናፍጣው ሲረጭበት በራሱ ይቀጣጠላል። ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲያድር ግን ብረቱ ያንን ሙቀት ይቀማዋል። ማሞቂያ ካንዴላ የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ቁልፉን ስትከፍቱ ጫፉ በጥቂት ሰከንድ ከ800 ዲግሪ በላይ ይግልና ናፍጣውን ያስነሳዋል። ሞተሩ አንዴ ከሞቀ ካንዴላው ቢሠራም ባይሠራም መኪናው ይነሳል። ሻጮቹ የሚጫወቱት በዚህች ነገር ነው።

አሁን ቦታውን አስቡት። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ይጠጋል። የሐረጎን ዳገት ወጥታችሁ ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ስትደርሱ አየሩ ቀዝቅዟል፣ ሳስቷልም። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ የሚጨምቀው ያንሳል፣ የሚፈጠረውም ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ኮምቦልቻ ላይ በቀትር ፀሐይ በአንድ ቁልፍ የተነሳች መኪና፣ ደሴ ላይ በኅዳር ንጋት ምን እንደምትሆን አንድም ነገር አትነግራችሁም። ጋራዡ «ይኸው፣ ክብሪት ሆናለች» ብሎ ሲያስነሳላችሁ ሞተሯ ትኩስ ነው።

ወደ ሽያጩ ልምጣ፤ የተዋጣለት ድራማ ነው። ልጁ ከካርቶኑ አንድ ካንዴላ አወጣ። በፒንሳ ይዞ ከባትሪ ጋር አገናኘው። ሁለት ሰከንድ አልሞላም፣ ጫፉ ፍም መሰለ። «አብሽር ጋሼ፣ ወላሂ ኦሪጅናል ነው። የአንተ አሮጌው እንዲህ ይግላል?» አለኝ። አጠገባችን የቆመ ሌላ ባለ መኪና እዚያው «ለእኔም አስቀምጥልኝ» አለ።

አሁን ልብ በሉ። በቶሎ መጋሉ ጥሩ ካንዴላ ለመሆኑ ማረጋገጫ አይሆንም። እንዲያውም ለመኪናችሁ የማይሆነው ካንዴላ ነው ከሁሉም ቀድሞ የሚግለው። ካንዴላዎች በቮልት ይለያያሉ። ለቶዮታ የናፍጣ ሞተሮች እንኳ 6 ቮልት የሚል አለ፣ 11 ወይም 12 ቮልት የሚል አለ፣ ለባለ 24 ቮልት መኪናም የራሱ አለው። በመልክ ቁርጥ አንድ ናቸው፣ ጥርሳቸውም ያው ሊሆን ይችላል፣ ልክክ ብለው ይገባሉ። 6 ቮልቱ የተሠራው መቆጣጠሪያ ላለው ሲስተም ነው። መቆጣጠሪያው በጥቂት ሰከንድ ያግለውና ወዲያው ኃይሉን ይቀንስለታል። ያንን ካንዴላ ኃይሉን የሚቀንስለት ነገር በሌለው ተራ ሲስተም ላይ ስትገጥሙት ሙሉውን 12 ቮልት ይጋታል። ለጥቂት ጠዋቶች መኪናችሁ እንደ አዲስ ትነሳለች። ከዚያ ጫፉ ማበጥ ይጀምራል።

ወር ሳይሞላ መኪናዋ ወደ ድሮ ጠባይዋ ተመለሰች፣ ባሰባትም። ደሴ ላይ የቆዩ መካኒክ ጋ ወሰድኳት። እሳቸው መጀመሪያ ያደረጉት ነገር ካንዴላዎቹን የሚያያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት መፍታት ነበር። አንዱ ካንዴላ ላይ መብራታቸውን አድርገው ቆዩና «ይኼ እኮ የድሮው ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው። ቁልፍ የሚይዝበት ባለ ስድስት ጎን ክፍል ማዕዘኑ ተልጦ ክብ ሆኗል። ኮምቦልቻ ላይ ሊፈቱት ሞክረው እምቢ ሲላቸው ትተውታል፣ ብረቱን ከላይ መልሰው አስረው «አራት» ብለው አስከፍለውኛል። ያን ዕለት «አሮጌዎቹን ስጡኝ» ስላቸው «ጥለናቸዋል» ያሉኝ ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ሌሎቹ ሦስቱ አዲስ ናቸው። ሁለቱ በልመና ወጡ። ሦስተኛው ትንሽ ዞረና ያዘ። ሽማግሌው ሞተሩን አሞቁት፣ የዝገት ማላቀቂያ ዘይት ነፉበት፣ አሳደሩት፣ በማግስቱ ወዲህ ወዲያ እያሉ ቀስ ብለው ለመኑት። ሲወጣ ጫፉ አብሮት አልወጣም። ከወጡት ሁለቱ የአንዱ ጫፍ ውሃ ውስጥ ያደረ ሽንብራ መስሏል። የሦስተኛው የባሰ አብጦ ስለነበር በገባበት ቀዳዳ ማለፍ አልቻለም፣ ተቆርጦ ውስጥ ቀረ። ወገቡ ላይ የተቀረጸው ቁጥር 6 ቮልት ይላል። የእኔ መኪና ደግሞ የምትፈልገው 11 ቮልቱን ነው።

ጫፍ ውስጥ ከቀረ ነገሩ ቀልድ አይደለም። በእነዚህ አሮጌ ሞተሮች የካንዴላው ጫፍ የሚገባው ከፒስቶኑ በላይ ባለች ትንሽ የማቀጣጠያ ክፍል ውስጥ ነው። አንዳንዴ ናፍጣ የሚረጨውን ኖዝል አውጥቶ በዚያ በኩል ቁራጩን መሳብ ይቻላል። ካልሆነ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ይወርዳል። እኔ ጋ ወርዷል። የቴስታታ ጓርኒሲዮን፣ የእጅ ዋጋ፣ መኪናዋ የቆመችበት ቀን፣ ሁሉም ከ«ግማሽ ዋጋው» ካንዴላ ላይ ተደመረ። «ትንሽ ናት፣ በጭስ ማውጫው ትወጣለች» የሚላችሁ ካለ አትስሙት። የተቆረጠ ብረት ወደ ሲሊንደሩ ከወረደ ፒስቶኑን ይበላዋል። ጫፍ እንደቀረ ካወቃችሁ ሞተሩን አታስነሱት።

ለፍትህ ሲባል አንድ ነገር ልጨምር። ያበጠ ካንዴላ ሁሉ የሻጭ ጥፋት አይደለም። ለካንዴላዎቹ ኤሌክትሪክ የሚለቀውና የሚያቋርጠው ማብሪያ፣ ሪሌው፣ ተጣብቆ ሞተሩ እየሠራም ኤሌክትሪክ የሚልክ ከሆነ ምርጡን ካንዴላ ያቃጥለዋል። ናፍጣ በደንብ የማይረጭ፣ የሚያንጠባጥብ ኖዝልም ጫፉን ይበላዋል። አራቱም በአንድ ጊዜ ከሞቱ ሪሌውን ጠርጥሩ። አንዱ ብቻ እየደጋገመ ከሞተ የዚያን ሲሊንደር ኖዝል አስፈትሹ። ይህን ሳይፈትሽ «አራቱንም ልቀይር» የሚል መካኒክ ዕቃ እየሸጠላችሁ ነው።

ሌላው የዚሁ ሰፈር ጨዋታ «ዳይሬክት» ማድረግ ነው። ሪሌው ሲበላሽ ከባትሪ ቀጭን ገመድ ይስቡና ጋቢና ውስጥ በተን ይገጥሙላችኋል። «ተጭነህ እስከ አስር ቁጠር፣ ከዚያ አስነሳ።» ይሠራል፣ አልዋሽም። ግን አንድ ካንዴላ ብቻውን አስር አምፔርና ከዚያም በላይ ሊስብ ይችላል። አራቱን አባዙት። የሬዲዮ ገመድ በምታክል ሽቦ ያንን ሁሉ ማሳለፍ እሳት መጥራት ነው። ፊውዝ የሌለው ከሆነማ ጭራሽ አትንኩት። ያገለገለ መኪና ስትገዙ ዳሽቦርዱ ሥር እንዲህ ያለ በተን ካያችሁ ሻጩን ስለ ካንዴላው ጠይቁት፣ መልሱን ግን አትመኑ። መኪናው ባደረበት ቦታ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ቦኔቱን በእጃችሁ ነክታችሁ መቀዝቀዙን አረጋግጣችሁ፣ እናንተው አስነሱት። ደላላው «ማታ ኮምቦልቻ ነው ያለው፣ ቀትር ላይ ደሴ እናመጣዋለን» ካለ፣ ሐረጎን ወጥቶ የመጣ ሞተር እስኪበርድ ቆዩ ወይም ሌላ ቀን ቅጠሩ።

ከመቀየራችሁ በፊት መሞቱን ራሳችሁ ማየት ትችላላችሁ። ብዙ አይከብድም። የሚያያይዛቸውን ጠፍጣፋ ብረት ፍቱ። አለዚያ ኤሌክትሪኩ በጎረቤቱ በኩል ስለሚያልፍ ውጤቱ ያሳስታችኋል። ከዚያ በቴስተር የካንዴላውን ራስና የሞተሩን ብረት ለኩ። ደህና ካንዴላ አንድ ኦም አካባቢ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ያሳያል። የተቃጠለው ጭራሽ ምንም አያነብም። ቴስተር ከሌላችሁ ሁለት ገመድ ያለው የመኪና አምፖል ይበቃል። አንዱን ጫፍ ከባትሪው ፖዘቲቭ፣ ሌላውን ከካንዴላው ራስ አገናኙ። አምፖሉ ከበራ ካንዴላው ውስጡ አልተቆረጠም። ከጨለመ ሞቷል። ከአራቱ አንዱ ብቻ ሞቶ ከሆነ አራቱንም የመቀየር ግዴታ የለባችሁም፣ ምንም እንኳ ዕድሜያቸው እኩል ከሆነ አብሮ መቀየሩ የሚያስኬድ ቢሆንም።

ስትገዙ ካርቶኑን እርሱት። የታወቀ የጃፓን ስም የተጻፈበት ካርቶን በየሱቁ አለ፣ ፎርጅዱም በዚያው ካርቶን ነው የሚመጣው። ማየት ያለባችሁ ብረቱ ላይ የተቀረጸውን ቮልት ነው። ከመኪናችሁ ከወጣው ጋር አስተያዩት፣ የወጣው ራሱ ስህተት ሊሆን ስለሚችል ግን በሻሲና በሞተር ቁጥር ትክክለኛውን አስፈልጉ። በባትሪ ሲሞከርም ከየት እንደሚጀምር እዩ። ደህናው መጀመሪያ ከጫፉ ነው የሚቀላው። ከወገቡ መቅላት የጀመረን ካንዴላ መልሱለት።

ስትገጥሙ ደግሞ ጉልበት አያስፈልግም። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ጥርስ ካንዴላ የሚጠብቀው ከ12 እስከ 18 ኒውተን ሜትር ባለው ኃይል ነው፣ በአጭር ቁልፍ በእጅ እንደማለት ነው። ሲፈታም 35 ኒውተን ሜትር አካባቢ ደርሶ እምቢ ካለ ቁሙ። ቁልፉ ላይ ቱቦ ሰክቶ የሚታገል ካያችሁ እጁን ያዙት።

እስከዚያው መኪናችሁ አልነሳ ብትላችሁ ኤተር ስፕሬይ አትንፉባት። የጋለ ካንዴላ ባለበት ሞተር ኤተሩ ያለጊዜው ይፈነዳል፣ ፒስቶን ይሰብራል። ጨርቅ በቤንዚን ነክሮ አየር ማስገቢያው ላይ ማቀጣጠልም ያው ነው። ስንት ጊዜ አይተነዋል፣ መንደር ውስጥ እንደ ጥበብ ይቆጠራል፣ አንድ ቀን ግን ሰው ያቃጥላል።

ደረሰኝን በተመለከተ፣ «በደረሰኝ ከሆነ ዋጋው ይጨምራል» ሲሉኝ በእጅ የተጻፈ ማህተም ያለው ወረቀት አጽፌያለሁ። «4 ካንዴላ ኦሪጅናል» ይላል። አሁን የሚከራከርልኝ እሱና ሽማግሌው ያወጡልኝ ካንዴላዎች ናቸው፣ በፌስታል አስቀምጫቸዋለሁ። ጋራዡ «አገጣጠሙን ሌላ ሰው ነክቶታል፣ አያገባንም» ብሎኛል። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኔም ለንግድ ጽሕፈት ቤቱ አመልክቻለሁ። እናንተ ስታሠሩ ወረቀቱ ላይ ብዛቱን ብቻ ሳይሆን ቮልቱንም አስጽፉ። የወጡትን አሮጌዎች ቆጥራችሁ፣ ጫፋቸው ሙሉ መሆኑን አይታችሁ፣ ተቀብላችሁ ሂዱ።

በቅርብ ኮምቦልቻ ላይ በዚህ ዋጋ ያስቀየራችሁ ካላችሁ ነገ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ በመብራት አጎንብሳችሁ ቁጥሩን አንብቡ። 6 ቮልት የሚል አግኝታችሁ መኪናችሁ ተራው ሲስተም ያላት ከሆነች፣ ጫፉ ሳያብጥ ዛሬውኑ አስወጡት።