የታንከር ማሰሪያ፦ አዲስ ይገዛ ወይስ በያጅ ይሥራው?

ከአዘዞ ወደ ፒያሳ ሲወጡ ከአሮጌው ፒክአፕዎ ሥር ኳኳታ ከሰሙ ጎንበስ ብለው ይዩ። የነዳጅ ታንከሩ ማሰሪያ ዝጎ ሳስቶ ይሆናል።

አዲሱ ውድ ነው፤ ለአሮጌ ሞዴል ደግሞ ቶሎ አይገኝም። ግን ልክክ ብሎ ይገጥማል። በያጅ የሚሠራው ይረክሳል፣ ቶሎም ይደርሳል። ችግሩ ጎማ ካልገባበት ብረቱ ታንከሩን ይፍቀዋል። ጎማውም ቢሆን ከሥሩ ጭቃና ውሃ ይይዛል፤ ዝገቱ የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ የውስጥ ፊቱም ቀለም ይቀባ።

በአንድ ነገር ግን አልደራደርም። "ሳይፈታ እዚያው እንበይደው" የሚል ካለ መኪናዎን ይዘው ውልቅ! ባዶ ታንከርም በውስጡ በቀረው ጋዝ ሊፈነዳ ይችላል። 60 ሊትር ናፍጣ ደግሞ 50 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ነዳጁ ይቀነስ፣ ታንከሩ በክሪክና በጣውላ ይደገፍ፣ ከዚያ ማሰሪያው ይፈታ።

እኔ ከተገኘ አዲሱን እመርጣለሁ፣ ሁለቱንም ማሰሪያ አንድ ላይ። ካልተገኘ አሮጌውን ለልክ ይዞ ሄዶ ወፈር ካለ ብረት ማሠራት ነው።