ይቅርታ በቃል ወይስ በካሳ?

አሜሪካ ውስጥ ሁለት የክርስቲያን ተቋማት የባርነት ታሪካቸውን በየራሳቸው መንገድ ተጋፍጠዋል።

የደቡብ ባፕቲስቶች ጉባኤ የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ከሰሜኖቹ ባፕቲስቶች የተለየው በዋናነት «ባሪያ ያለው ሰውም ሚስዮናዊ መሆን ይችላል» ብሎ ነበር። በ150ኛ ዓመቱ፣ በ1995፣ አትላንታ ላይ ጥቁር አሜሪካውያንን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። በ2012 ፍሬድ ሉተር የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንቱ ሆኑ። ቀላል ነገር አይደለም። የይቅርታው ውሳኔ ግን ስለ ካሳ ትንፍሽ አላለም።

የኤጲስቆጶሳውያኑ (የአሜሪካ አንግሊካኖች) የቨርጂኒያ ነገረ መለኮት ሴሚናሪ በ2019 ለካሳ 1.7 ሚሊዮን ዶላር መደበ። በ2021 ክፍያ ጀመረ፤ ለአንድ ሰው 2,100 ዶላር ገደማ። የሚከፈላቸው በባርነትና በኋላም በዘር መድልዎ ዘመን ግቢው ውስጥ የሠሩ ጥቁሮች ዘሮች ናቸው። ብሩ እንኳ ያን ያህል አይደለም። እኔን የገረመኝ ሌላ ነው። ለመክፈል መጀመሪያ ሰውየውን ማግኘት ያስፈልጋል። የድሮ መዝገብ ይገላበጣል። ያ አትክልተኛ ማን ነበር? ያቺ ምግብ አብሳይስ ልጆቿ የት ደረሱ? የጉባኤው ይቅርታ የሁሉም ስለሆነ የማንንም ስም አልጠራም። ለእኔ ሚዛኑ ወደ ሴሚናሪው የሚያደላው በዚህ ነው።

በርግጥ ባፕቲስቶቹ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሴሚናሪው ደግሞ አንድ ግቢ።