ባለብሉቱዝ የዓይን መሸፈኛ ለጠዋት እንቅልፍና ለንቁ ህልም ልምምድ

ህልም እያዩ ህልም መሆኑን ማወቅ፣ ከተቻለም በህልሙ ውስጥ የፈለጉትን ማድረግ፣ በልምምድ የሚዳብር ችሎታ ነው። ይህን ንቁ ህልም በቀን እንቅልፍ ለመለማመድ ይረዳኛል ብዬ የገዛሁት መርካቶ ባሉ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የሚሸጥ ባለብሉቱዝ የዓይን መሸፈኛ ነው። ዕቃው የታወቀ የንግድ ስም የለውም። ከለስላሳ ጥቁር ጨርቅ የተሠራ ሲሆን በሁለቱ ጆሮዎች በኩል ጠፍጣፋ ድምፅ ማጉያ ተሰፍቶበታል፤ ከስልክ ጋር ይገናኛል፣ ዋጋውም ከመካከለኛ የጆሮ ማዳመጫ ብዙም አይበልጥም። ለወራት ተጠቅሜበት የደረስኩበት ፍርድ፣ እንቅልፉ በትክክለኛው ሰዓት ከተወሰደ ዕቃው በእርግጥ ይረዳል፣ ሰዓቱ ከተሳተ ግን ጨለማ ከመፍጠር ያለፈ ፋይዳ የለውም የሚል ነው።

ንቁ ህልም በአብዛኛው የሚታየው ዓይን ከቆቡ ሥር በፍጥነት በሚንቀሳቀስበት፣ ሬም በሚባለው የእንቅልፍ ክፍል ነው። እ.ኤ.አ. በ1953 በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የተገለጸው ይህ ክፍል በሌሊቱ መጀመሪያ አጭር ሆኖ ወደ ንጋት እየረዘመ ይሄዳል፤ ዝንባሌውም ጠዋት ላይ ወዲያው አይጠፋም። ስለዚህ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥቶ ጥቂት ከሠራ በኋላ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ገደማ ተመልሶ የሚተኛ ሰው ወደ ህልም ፈጥኖ ይገባል፤ ከምሳ በኋላ በ8 ሰዓት የሚተኛው ግን ከሬም ይልቅ ከባድ እንቅልፍ ያመዝንበታል። አንድ የእንቅልፍ ዑደት 90 ደቂቃ ያህል ስለሚወስድ ከዚያ ያነሰ ጊዜ ይዞ መጋደም ብዙም አያዋጣም። ከአቦል እስከ በረካ ያለውም ከእንቅልፉ በኋላ ቢሆን ይሻላል፤ ከጠጣነው ካፌይን ግማሹ እንኳ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ያህል ይፈጃልና።

የምኖረው ወደ አዳማ የሚወስደው የፍጥነት መንገድ ከሚጀምርበት ብዙም ሳይርቅ፣ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። በዚያ ሰዓት ፀሐይዋ መጋረጃውን አልፋ ክፍሉን ትሞላዋለች። ብርሃን በመከልከል ረገድ ለመሸፈኛው ሙሉ ነጥብ እሰጠዋለሁ፤ አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ተጨማሪ ጨርቅ ከታች የሚሾልከውን ብርሃን ሳይቀር ይዘጋል፣ ዓይን የሚያርፍበት ቦታም ጎድጎድ ያለ በመሆኑ ሽፋሽፍትን አይጫንም። የውጭውን ድምፅ ግን አያስቀርም፤ የብሎኬት ማሽኑም፣ የቆራሌው ጩኸትም እንዳለ ይሰማል።

የዕቃው ዋና ዋጋ ያለው በድምፅ ማጉያዎቹ ላይ ነው። የተኛ ሰው ከውጭ ጋር ሊገናኝ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1975 ኪት ሄርን በእንግሊዝ ሀል ዩኒቨርሲቲ፣ አለን ወርስሊ በህልሙ ውስጥ ሆኖ ዓይኑን ግራና ቀኝ በማንቀሳቀስ የሰጠውን ምልክት መዝግቧል። እ.ኤ.አ. በ2021 የአሜሪካ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የኔዘርላንድስ ቡድኖች በአንድነት ባወጡት ጥናት ደግሞ፣ በአሜሪካ በቀን እንቅልፍ ላይ የነበረ አንድ ወጣት ከ8 ላይ 6 ሲቀነስ ስንት እንደሚሆን ተጠይቆ፣ ሳይነቃ በዓይኑ እንቅስቃሴ ሁለት ብሎ መልሷል። የአሜሪካው ቡድን የተጠቀመበት ዘዴ ቤት ውስጥም ሊሞከር ይችላል፦ ከመተኛት በፊት አንድን ለስላሳ ድምፅ ደጋግሞ መስማት፣ በሰሙት ቁጥር «አሁን ህልም ላይ ነኝን?» ብሎ ከልብ መመርመር፣ ከዚያም ያው ድምፅ በእንቅልፍ መካከል ዝግ ብሎ እንዲሰማ ማድረግ።

እኔ የመረጥኩት የክራር አንድ ምት ነው፤ ከረጅም ዝምታ በኋላ እየተቆራረጠ እንዲመጣ አድርጌ ስልኬ ላይ ቀዳሁት። አንድ ጠዋት በህልሜ ቃሊቲ መናኸሪያ ቆሜ ሳለ ያ የክራር ምት ከአንድ ሚኒባስ ሬዲዮ ወጣ። የመኪናውን ታርጋ አነበብኩ፣ ዞር ብዬ ድጋሚ ሳየው ቁጥሩ ተለውጧል፤ ህልም መሆኑን ያወቅሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ደስታውም እስከ ማታ አብሮኝ ዋለ። ጽሑፍን ሁለት ጊዜ ማንበብ አስተማማኝ መፈተኛ ነው። ብዙዎች የሚመክሩት የመብራት ማብሪያውን ተጭኖ የማየት ፈተና ግን መብራት ቶሎ ቶሎ በሚጠፋበት በእኛ ሰፈር አያገለግልም፤ አምፖሉ ባይበራ የነቃ ሰውም አይደነቅም።

ጉድለቶቹ ቀላል አይደሉም። ባትሪው ሊያልቅ ሲል አንዲት ሴት በእንግሊዝኛ ጮክ ብላ ታስታውቃለች፤ ይህም ህልሙን ገና ሲጀምር ያፈርሰዋል፣ ድምፁን የሚያጠፋ ቁልፍም የለውም። ከዚህ የሚብሰው የድምፅ ማጉያዎቹ ውፍረት ነው። በጎን ሲተኙ ጆሮን ስለሚጫኑ ተጠቃሚው በጀርባው ለመተኛት ይገደዳል፤ በጀርባ መተኛት ደግሞ ዱካክ የምንለውን፣ አእምሮ ነቅቶ አካል አልንቀሳቀስ የሚልበትን ሁኔታ ያበዛል። በሬም ጊዜ ጡንቻዎች ስለሚዝሉ የሚመጣ፣ በሰከንዶች ወይም በደቂቃዎች የሚያልፍ ነገር ነው፤ ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው ግን ክፉኛ ይደነግጣል፤ አምራቹ በማሸጊያው ላይ አንድ መስመር እንኳ አለመጻፉ ቅር ያሰኛል።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ የሚለው ሰው ይህን ዕቃ ባይገዛ እመርጣለሁ፤ የቀን እንቅልፍ የሌሊቱን ይሻማበታል። ህልምና እውን የሚያምታታ የአእምሮ ሕመም ያለበትም ከሐኪም ጋር ሳይመክር ልምምዱን እንዳይጀምር አሳስባለሁ። መግዛት የፈለገ ሱቁ ውስጥ አጥልቆ፣ ዓይኑን ገልጦ ወደ አፍንጫው ቁልቁል ይመልከት፤ ብርሃን ከገባ ሌላ ያስቀይር። ራሱንም ግድግዳ ላይ በጎን አስደግፎ የድምፅ ማጉያውን ውፍረት ይሞክር፤ ሱቆቹ ውስጥ ቀጭን ድምፅ ማጉያ ያለው ዓይነት ከተገኘ፣ ትንሽ ቢወደድም እሱን መውሰድ ይሻላል።