«የመጀመሪያ እትም ኦሮማይ፣ ያውም የደራሲው ፌርማ ያለበት» ሲሏችሁ

ቀድሜ ልናገርና ሳቁብኝ። 6,500 ብር ተበልቻለሁ። የበላኝ ሰው የቴሌግራም ቻናል ያለው «የብርቅ መጻሕፍት ነጋዴ» ነው። ስሙን አልጠራም። እንደሱ ያለው ደግሞ አንድ ብቻ አይመስለኝም። አሮጌ መጽሐፍ የምትሰበስቡ፣ በተለይ የበዓሉ ግርማ ስም ሲነሳ እጃችሁ ወደ ቦርሳችሁ የሚሄድ፣ ይቺን አንብቡልኝ።

እኛ አራት ጓደኛሞች በኦሮማይ፣ በበዓሉ ግርማ ልብ ወለድ የተነሳ ለሁለት ተከፍለናል። ሁለታችን የዋናው ገጸ ባሕርይ የጸጋዬ እጮኛ የሮማን ወገን ነን፣ ሁለቱ አስመራ ላይ የወደዳት የፊያሜታ። የአርሰናልና የማንቼ ደጋፊ እንኳ እንደኛ አይነታረክም። «ጸጋዬ እጮኛውን አዲስ አበባ አስቀምጦ አስመራ ላይ ምን ነክቶት ነው?» ብዬ ከጀመርኩ ቡናው ሳይጠጣ ይቀዘቅዛል። ታዲያ ከፊያሜታ ወገን የአንዷ ልደት ደረሰ። በወገን ብንለያይም እወዳታለሁ። ምን ልስጣት ስል ያ ማስታወቂያ ዓይኔ ላይ ወደቀ። «ኦሮማይ፣ 1975 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያ እትም፣ የደራሲው ፌርማ ያለበት። አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷል።»

እዚህ ላይ መንቃት ነበረብኝ። ኦሮማይ በ1975 በኩራዝ አሳታሚ ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ የተሰበሰበ መጽሐፍ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው እየተደበቀ፣ እየተዋሰ ነው ያነበበው። ከዚያ ዘመን የተረፈ ቅጂ በእጁ ያለ ሰው «አንድ ፍሬ ቀርቷል» ይላል እንዴ? ስኒከር ነው? ቁጥር 41 ብቻ?

«እስቲ የውስጡን ገጽ ፎቶ አንሳልኝ» አልኩት።

«እህቴ፣ በጣም ያረጀ ነው፣ ሲከፈት ይገነጠላል» አለኝ።

አዘንኩለት እኮ! ለመጽሐፍ የሚሳሳ ሰው አገኘሁ ብዬ። ወዲያው ደግሞ «ሌላ ሰው ቀብድ ሊልክ ነው» ሲለኝ ሙሉውን በሞባይል ባንኪንግ ላክሁለት። ማታ ሞተረኛ ይዞት መጣ።

የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ ታውቃላችሁ አይደል? ይሄ የሚሸተው ሻይ ሻይ ነው። ያውም ቅርንፉድ የገባበት። ከላይ የወይባ ቀለም ይዟል፣ መሐሉ ግን እንደ ጥጥ ነጭ። ገጾቹ ወደ መጠረዣው ሲጠጉ ፎቶ ኮፒ ላይ የምናየው ጥቁር ጥላ አለባቸው። ገልበጥ ሳደርገው የኋላ ሽፋኑ ላይ ባርኮድ አለ። በ978 የሚጀምር፣ ባለ 13 አኃዝ። ይሄ ባለ 13 አኃዝ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር በዓለም ሥራ ላይ የዋለው በ1999 በእኛ አቆጣጠር ነው። መጽሐፉ በታተመ በ24 ዓመቱ መሆኑ ነው።

ከዚያ ፌርማው። «ለመጽሐፍ ወዳጆች፣ መስከረም 1978» ይላል።

እሱን ሳይ ሳቄ ቆመ። በዓሉ ግርማ በየካቲት 1976 እንደወጣ የቀረ ሰው ነው። መጨረሻው እስከ ዛሬ በውል አልታወቀም። ሰው ይዋሽ፣ እሺ፣ እንጀራው ነው እንበል። ግን በዚህ ሰው ስም ፈርሞ መሸጥ ምን ይባላል? ትንሽ እንኳ አያነቡም?

«በ1978 እንዴት ሊፈርም ቻለ?» ብዬ ጻፍኩለት።

«በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው እኮ» አለኝ።

በፈረንጅ ቢሆን ደግሞ ይባስ! ያኔ መጽሐፉ የሚያወራለት የቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ደርግ ኤርትራ ላይ ያካሄደው፣ ራሱ አልተጀመረም። ይህንን ልጽፍለት ስል ብሎክ አድርጎኛል። ለሮማን ወገኗ ጓደኛዬ «ብሬን ይመልስልኝ ይሆን?» ብዬ ላክሁላት። «ኦሮማይ» ብቻ ብላ መለሰች። ቃሉ ከጣልያንኛ ወደ አስመራ ሰው አፍ የገባ ነው፤ አለቀ፣ አከተመ እንደማለት።

በማግስቱ ብሔራዊ ቲያትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ለሚሸጡ አንድ አባት ወስጄ አሳየኋቸው። ሁለት ገጽ ገለጡና «ልጄ፣ ይሄ እኮ በዕድሜ ካንቺ ያንሳል» አሉኝ። ከዚያ ከመደርደሪያቸው አንድ የእውነት አሮጌ መጽሐፍ አውጥተው ጎን ለጎን አስቀመጡት። ወረቀት ሲያረጅ ከጠርዙ ጀምሮ ነው ቀስ እያለ ወደ ውስጥ የሚወይበው። ሻይ የነካው ግን ካርታ ይሠራል፤ እድፉ ዳር ዳሩን ጠቆር ያለ መስመር ይተዋል፣ ወረቀቱም ይጨማደዳል። አንዴ ካያችሁት አትረሱትም።

እንግዲህ እኔ ያላደረግሁትን እናንተ አድርጉ። ከሽፋኑ ቀጥሎ አሳታሚው፣ ማተሚያ ቤቱና ዓመተ ምሕረቱ ያለበትን ገጽ በፎቶ ጠይቁ። የኋላ ሽፋኑንም። ፌርማ ካለ ቀኑን ከደራሲው ዕድሜ ጋር አስተያዩ፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በ09 የሚጀምር ስልክ ቁጥር ያለበት የ1975 መጽሐፍ የለም፤ ሞባይል ያኔ የት ነበር? በአካል ሳታገላብጡ ደግሞ ቀብድም ቢሆን አትላኩ። «ሲከፈት ይገነጠላል» ካሏችሁ ይቅርባችሁ። ማንበብ ብቻ ከሆነ የፈለጋችሁት፣ በኋላ የታተመው ያው ታሪክ ነው፤ ፊያሜታም እዚያው ናት።

ለልደቷ የሻዩን መጽሐፍ ከነታሪኩ ሰጠኋት። አሽትታው «የሮማን ወገን ባትሆኚ አትሸወጂም ነበር» አለችኝ። ትናንት ደግሞ አንድ ስክሪንሹት ላከችልኝ። ሌላ ስም ያለው ቻናል፣ ያው የእኔው መጽሐፍ ፎቶ። ዋጋው 7,000 ገብቷል። «አንድ ፍሬ ብቻ ቀርቷል» ይላል።